በግማሽ ሰዓት የሚሰራ ቅመም የለም

ባለፈው ዱባይ የሚሰራ አብሮ አደጌ በዋትሳፕ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የጣት ርዝመት ያላት የማር ፓኬት ናት፣ ወርቃማ ነገር፣ ላይዋ ላይ አንበሳ ምናምን ተስሎባታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ "ጂንሰንግ፣ ቀረፋ፣ ንጹህ ማር፣ መቶ ፐርሰንት ተፈጥሮ" ይላል። ከስሩ ቮይስ አለ፣ "ስማ እቺ ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትሰራለች እኮ፣ ያው ቅመም ነው፣ ጉዳት የለውም አይደል?" እኔ መልሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፣ እናትህ ጓዳ ውስጥ በግማሽ ሰዓት የሚሰራ ቅመም አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። ከዛ ግን እውነትም ማወቅ ፈልጎ ስለነበር ረጅም ቮይስ ላኩለት፣ እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው፣ ትንሽ አስተካክዬ።

መጀመሪያ አንድ የተዘበራረቀ ነገር እናጥራ። እኛ አገር ለዚህ ጉዳይ ሚሸጥ ነገር ማስታወቂያውን ስታዩት "ለስንፈተ ወሲብ፣ ለመካንነት፣ ለፍላጎት ማጣት" ይላል፣ አንዳንዴ ኪንታሮትና አስምም ይጨመርበታል፣ አንድ ጠርሙስ ለሁሉም። ግን እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍላጎት የጭንቅላት ጉዳይ ነው፣ ሆርሞንም እንቅልፍም ጭንቀትም ከባልና ሚስት ኩርፊያም ይገባበታል። የወንድ ብልት መቆም ደግሞ በዋናነት የደም ስር ጉዳይ ነው። መውለድ የስፐርምና የእንቁላል ጉዳይ ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱ ምንም ሳይጎድሉት ሶስተኛው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው "ጥቁር አዝሙድ ይሰራል" ሲላችሁ መጀመሪያ "ለየትኛው?" በሉት። ግማሹ ክርክር እዛው ያልቃል።

ይሄ መደባለቅ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዘፍጥረት 30 ላይ ራሔል ከእህቷ ከልያ የለመነችውን እንኮይ ታስታውሳላችሁ አይደል? በኛ ትርጉም እንኮይ የተባለው በዕብራይስጡ ዱዳይም ነው፣ ብዙ ተርጓሚዎች ማንድሬክ የሚሉት፣ ስሩ እግርና እጅ ያለው ሰው የሚመስል ተክል። በጥንቱ ዘመን ፍቅርም ይቀሰቅሳል፣ ማህፀንም ይከፍታል ይባልለት ነበር፣ ሁለቱም በአንዴ። የታሪኩ አስቂኝ ነገር ደግሞ እንኮዩን የወሰደችው ራሔል ናት፣ በዛ ምሽት ያረገዘችው ግን በለውጥ የሰጠችው ልያ። (ማንድሬክ በነገራችን ላይ መርዛማ ተክል ነው፣ ማንም ፈልጎ እንዳይሞክረው።)

ታዲያ ሰው የትኛው ቅጠል "ኃይል አለው" ብሎ የወሰነው በምንድነው? ባብዛኛው በሁለት መንገድ። አንዱ ቅርጽ ነው፣ ስሩ ሰው ከመሰለ ለሰው ይሆናል የሚል። ጂንሰንግ በቻይንኛ ስሙ ራሱ የሰው ስር እንደማለት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከግሪኩ ሀኪም ከጌለን ጀምሮ በፋርሱ ሀኪም በኢብን ሲና አድርጎ የመጣው ህክምና ምግብን ሁሉ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ደረቅና እርጥብ እያለ ነበር ሚመድበው፣ ፍትወትም ሙቀት ነው ተብሎ ስለታሰበ ሚያቃጥል ቅመም ሁሉ ለዛ ጉዳይ ተመደበ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ። እኛም ጋ "ደም ያሞቃል" የሚለው አባባል ያው የሱ ዘመድ ነው። የኛ ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነው የምዕራብ አፍሪካው የገነት ፍሬ ሚባለው ቅመምም በዚሁ ጉዳይ ዝነኛ ነው። ሚያቃጥል ነገር ስትበሉ ፊታችሁ ይቀላል፣ ያልባችኋል፣ ልባችሁ ትንሽ ፈጠን ይላል፣ ይሄ ደግሞ ስሜት ሲነሳ ሚሆነውን ስለሚመስል ሰው ቢያገናኘው አይፈረድበትም። ግን መምሰልና መሆን ይለያያል፣ ሚጥሚጣ ምላሳችሁ ላይ ያለውን ሙቀትና ህመም ሚያውቀውን ነርቭ ነው ሚነካው እንጂ ሌላ ቦታ አይደርስም።

መስተፋቅርን እዚህ ውስጥ አላስገባም። እሱ የደብተራ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ሰው እኔን እንዲወድ ሚደረግ ነገር ነው እንጂ የራስን ሰውነት ሚቀይር አይደለም። ሁለቱን ሚቀላቅሉ ሻጮች ስላሉ ነው ያነሳሁት።

አሁን ሰውነቱ እንዴት እንደሚሰራ ላስረዳችሁ፣ ይሄ ከገባችሁ ማንም አያታልላችሁም። ስሜት ሲነሳ ከአእምሮ መልእክት ይወርዳል፣ ነርቮቹና የደም ስሩ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ይሄ ጋዝ ሌላ መልእክተኛ ያስነሳል፣ መልእክተኛው የደም ስሩን ጡንቻ "ላላ" ይለዋል፣ ስሩ ይሰፋል፣ ደም ይገባል፣ በቃ። ግን ሰውነት ሁሌ እንደዛ ሆኖ እንዳይቀር አንድ ጠራጊ አስቀምጧል፣ ፒዲኢ ፋይቭ ይባላል፣ ስራው መልእክተኛውን እየጠረገ ማጥፋት ነው። ቫያግራ (የመድኃኒቱ ስም ሲልደናፊል) ሚያደርገው የዚህን ጠራጊ እጅ ማሰር ነው። ስለዚህ መልእክቱ ካልመጣ ቫያግራም ምንም አያደርግም፣ ፍላጎት አይፈጥርም፣ ያለውን ነው ሚያቆየው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሲጠና ለልብ በሽተኞች የደረት ህመም ነበር የታሰበው፣ ለዛ እምብዛም ሆኖ ተሳታፊዎቹ ግን ሌላ ነገር ሪፖርት አደረጉ፣ ከዛ 1998 ላይ (በፈረንጆቹ ነው፣ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደዛው) አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በዛው ዓመት የናይትሪክ ኦክሳይድን ነገር ያገኙት ሶስት ሳይንቲስቶች ኖቤል ወሰዱ።

እንግዲህ አንድ ቅመም በግማሽ ሰዓት "ሰራ" እንዲባል ከዚህ መስመር አንዱን ቦታ በኃይል መንካት አለበት ማለት ነው። ጓዳችን ውስጥ ያሉት ይነካሉ ወይ?

ሰው ሚጠቅሳቸው ጥናቶች ብዙዎቹ የአይጥ ናቸው። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ 2003 ላይ ህንድ ውስጥ የወጣ የቅርንፉድና የገውዝ ጥናት አለ፣ ወንድ አይጦቹ ላይ ለውጥ ታይቷል፣ እውነት ነው። ግን የሰጧቸው በአልኮል ተጨምቆ የወጣ ነገር ነው፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 500 ሚሊግራም። በቀጥታ ብታሰሉት ለ70 ኪሎ ሰው 35 ግራም ይመጣል። እሺ በቀጥታ አይሰላም፣ አይጥ ሰውነቷ ስለሚፈጥን ሳይንቲስቶች ወደ 12 ያካፍሉታል፣ ወደ 3 ግራም ይወርዳል እንበል። እሱም ቢሆን የተጨመቀ ነው እንጂ የዱቄት አይደለም፣ ዱቄቱ በጣም ይበዛል። እና ገውዝ ደግሞ ከ5 ግራም ገደማ ጀምሮ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ በሉት፣ ሰው ይመርዛል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስቃዣል። ገባችሁ? "ይሰራል" የተባለበት መጠን ላይ ከመድረሳችሁ በፊት መርዙ ይቀድማችኋል። ወጥ ላይ ጣል ሚደረገው ቁንጥር ደግሞ ጉዳትም የለው፣ እንዲህ ያለ ጥቅምም የለው፣ ወጡን ግን ያጣፍጣል፣ ለዛ ነው የተፈጠረውም።

በሰው ላይ የተሞከሩም አሉ፣ ይሄን አልክድም፣ ሁሉንም ውሸት ነው ማለትም ሌላ ውሸት ነው። ሳፍሮን ኢራን ውስጥ ተሞክሯል፣ የድብርት መድኃኒት (ፍሉኦክሰቲን) እየወሰዱ በሱ ምክንያት ወሲባዊ ችግር በመጣባቸው ሰዎች ላይ፣ ለወንዶች አንድ ለሴቶች አንድ ጥናት፣ በቀን 30 ሚሊግራም ለ4 ሳምንት፣ የተወሰነ መሻሻል ነበር። ግን እያንዳንዱ ጥናት ላይ 40 ሰው እንኳን አልነበረም። ሴቶችን የጨመረ መሆኑ ደስ ይላል ምክንያቱም የዚህ ገበያ ወሬ ሁሉ ስለ ወንድ ብቻ ነው፣ ሴቷ ፍላጎት ያላት አይመስላቸውም። አብሽም አለ፣ አውስትራሊያ ውስጥ 60 ወንዶች ላይ ከአብሽ የወጣ ጭማቂ በቀን 600 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ ፍላጎት ጨመረ አሉ፣ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን ሚባለው) ግን ያው መደበኛው ላይ ነበር። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ የመውለድ ችግር ያለባቸው ወንዶች ላይ ዘይቱ በቀን 5 ሚሊሊትር ለሁለት ወር ተሰጥቶ የስፐርም ቁጥርና እንቅስቃሴ ተሻሽሏል፣ ይሄ የሶስተኛው ጎራ ጉዳይ ነው፣ የመኝታ ቤት ብቃት አይደለም፣ ጥቁር አዝሙድ ሚሸጠው ሰውዬ ግን ሁለቱንም በአንድ ጠርሙስ ይሸጥላችኋል።

ጂንሰንግን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ 2021 ላይ ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን አንድ ላይ ሚመዝን ድርጅት 9 ጥናቶችን፣ 587 ወንዶችን፣ አይቶ ነበር። ውጤቱ ሲጠቃለል ከባዶ ክኒን (መድኃኒት ከሌለበት) ጋር ሲነጻጸር ያለው ልዩነት ኢምንት ሊሆን ይችላል ነው ያለው።

ማካ ደግሞ አለላችሁ፣ አሁን በየካፕሱሉ ሚሸጠው፣ ፔሩ ውስጥ 4000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሚበቅል ስር ነው። አንድ ሚገርም ነገር ልንገራችሁ፣ ማካና የኛ ፌጦ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፣ በሳይንሱ ሁለቱም ሌፒዲየም ነው ሚባሉት። እንግዲህ ነገ ፌጦን በካፕሱል አድርጎ በዶላር ሚሸጥልን ሰው ባይመጣ ይገርመኛል። ማካ 2002 ላይ በወጣ ጥናት ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ ፍላጎት ጨምሯል ተብሏል፣ ቴስቶስትሮን ላይ ግን ለውጥ የለም።

ኩርንችትም አለ። አዎ ኩርንችት፣ ያ ባዶ እግራችሁን ስትሄዱ ሚወጋችሁ ሶስት ማዕዘን እሾህ፣ ማቴዎስ ወንጌል ላይ በለስ አይለቀምበትም የተባለው፣ ጂም ቤት ውስጥ "ትሪቡለስ" ብለው ሲሸጡት ግን ሌላ ነገር ይመስላል። ዝነኛ ያደረጉት ቡልጋሪያኖች ናቸው፣ ክብደት አንሺዎቻቸው በሱ ነው ሚያሸንፉት ተብሎ። አውስትራሊያ ውስጥ 22 የራግቢ ተጫዋቾች ላይ ለ5 ሳምንት ተሞክሮ ቴስቶስትሮንም አልጨመረ ጉልበትም ከሌሎቹ የተለየ አልሆነ።

አንድ እውነትም ቶሎ ሚሰራ አለ፣ ዮሂምቤ፣ የምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ የዛፍ ቅርፊት። እሱ ነርቭ ላይ ነው ሚሰራው፣ ግን ከዛው ጋር ደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሰው ያስጨንቃል። ግፊት ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል፣ በቃ በዚህ ልለፈው።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ እስቲ። 4 ሳምንት፣ 6 ሳምንት፣ ሁለት ወር፣ 8ኛው ሳምንት። ዮሂምቤን ትተን ትንሽ ተስፋ ያላቸው እጽዋት ሁሉ በየቀኑ ተወስደው በሳምንታት ነው ለውጥ ታየ የተባለላቸው፣ እሱም ትንሽ። ቅመም ማብሪያ ማጥፊያ የለውም።

"እኔ ግን ሞክሬው ሰርቶልኛል" ሚል ሰው ሁሌ አለ፣ አልዋሸም እሱ። የሲልደናፊል ትልቁ ጥናት ላይ፣ 1998 የወጣው፣ 100 ሚሊግራም ከወሰዱት 84 ፐርሰንቱ ተሻለን ብለዋል፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱትስ? 25 ፐርሰንት። ከአራት ወንድ አንዱ ምንም በሌለው ክኒን ተሽሎታል! ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሚይዘው ነገር ፍርሃት ነው፣ አንዴ እንቢ ካለው "ዛሬም እንደዛ ቢሆንስ" እያለ ገና ሳይገባ ይጨነቃል፣ ጭንቀት ደግሞ አድሬናሊን ነው፣ አድሬናሊን የደም ስር ያጠባል፣ ያው የፈራው ይደርሳል። ስለዚህ የዝንጅብል ሻይ አፍልታ ሚስቱ ስትሰጠው፣ ስልኩን አስቀምጦ ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ ቢሻለው አይገርምም። ሻዩ ነው ወይስ ሌላው? እኔ ሌላው ነው እላለሁ፣ ሻዩ ግን ሰበብ ስለሆነ አትከልክሉት።

ወደ ማሯ ልመለስ። በግማሽ ሰዓት ሚሰራ "ቅመም" ካጋጠማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያው አንድ ነው፣ ውስጡ ክኒን ተፈጭቶበታል። ይሄ ግምት አይደለም። 2018 ላይ የወጣ ጥናት ኤፍዲኤ (የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ከ2007 እስከ 2016 ያልተጻፈ መድኃኒት ተደብቆባቸው ያገኛቸውን "የተፈጥሮ" ምርቶች ቆጥሮ ነበር፣ 776 ሆኑ፣ ከነዚህ 353ቱ የዚሁ የወሲብ ጉዳይ ናቸው፣ ውስጣቸው በብዛት የተገኘውም ሲልደናፊል ነው። 2022 ሐምሌ ላይ ደግሞ ኤፍዲኤ በማር ስም ሚሸጡ አራት ድርጅቶችን አስጠነቀቀ፣ በማሩ ውስጥ ሲልደናፊልና ታዳላፊል (እሱም የዛው አይነት መድኃኒት ነው) ተገኝቶ። ልክ ልጁ ፎቶ እንደላከልኝ አይነት ፓኬት። እና ሻጩ ሲያምላችሁ፣ "ልጄ ይሙት ንጹህ ማር ነው" ሲላችሁ፣ እሱም ላያውቅ ይችላል።

"ታዲያ ከሰራ ምን አለበት፣ ቫያግራም መድኃኒት ነው" አለኝ ጓደኛዬ። እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ ቀልድ ሚያቆመው። ለልብ በሽተኞች ምላስ ስር ሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ክኒን አለ (አዎ ያው የዲናሚት ንጥረ ነገር፣ ራሱ አልፍሬድ ኖቤል በስተርጅና ልቡን ሲያመው ሀኪሞቹ እሱኑ አዘውለታል)። እሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሚለቀው ምን መሰላችሁ፣ ያንኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ በኩል መልእክተኛው ይበዛል፣ በሌላ በኩል ጠራጊው እጁ ታስሯል። የደም ስር በመላው ሰውነት ይሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰውዬው ይወድቃል፣ ሊሞትም ይችላል። ሀኪም ሲልደናፊል ከማዘዙ በፊት "የልብ መድኃኒት ትወስዳለህ?" ብሎ ሚጠይቀው ለዚህ ነው፣ ማሯን ሚሸጠው ልጅ ግን አይጠይቅም፣ እናንተም ክኒን እንደበላችሁ ስለማታውቁ ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ ለሀኪሙ ሚነገር ነገር የላችሁም። "ማር ነው የበላሁት" ነው ምትሉት። መጠኑም አይታወቅም፣ አንዱ ፓኬት ትንሽ፣ ሌላው እጥፍ ሊኖረው ይችላል።

ይሄን ስለው ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ "ለአጎቴ አንድ ካርቶን በሰው ልልክለት ነበር" አለ። አጎቱን አውቃቸዋለሁ፣ ስልሳ አልፏቸዋል፣ ኪሳቸው ውስጥ ያቺ የምላስ ስር ክኒን አለች።

ሌላም ያልኩት አለ፣ አጎቱንም ሚመለከት። የብልት ደም ስር ቀጭን ነው፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ነው ስፋቱ፣ የልብ ደም ስር ደግሞ ሶስት አራት። ስብ መዝጋት ሲጀምር ቀጭኑ ቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ይሄ ችግር አንዳንድ ሰው ላይ ከልብ ህመሙ ከሁለት ሶስት ዓመት በፊት ሚመጣ ምልክት ነው፣ ስኳርና ደም ግፊትም እንደዛው በዚህ በኩል ብቅ ይላሉ። አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒትም ራሱ ያመጣዋል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይረው ይስተካከላል። ችግሩ የኛ ሰው ሀኪም ጋ ገብቶ "ወገቤን ያመኛል" ብሎ ይወጣል እንጂ ይሄን አይናገርም፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ ሄዶ ለማያውቀው ሰው ሁሉን ዘርዝሮ ይጽፋል። ሀኪም ጋ "የግል ነገር ልጠይቅህ ነበር ዶክተር" ማለት ይበቃል፣ ቀሪውን እሱ ይጠይቃል። ሚወሰድ ነገር ካለ ደግሞ፣ ማርም ይሁን ዱቄት፣ ፓኬቱን ይዞ መሄድ ወይ በሁለቱም በኩል ፎቶ ማንሳት።

ጓደኛዬ መጨረሻ ላይ "እና እኔ ማታ ማታ ዝንጅብልና ቀረፋ ያለበት ሻይ እጠጣለሁ፣ እሱንም ልተወው?" ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ ጠጣ አልኩት፣ ስኳሩን ብቻ ቀንስ፣ አራት ማንኪያ እንደምታደርግ አውቃለሁ።